ተጫዋቹን መንገድ ላይ ቢያገኙት

መተማ ዮሐንስ ተቀምጠው የፋሲል ከነማን ጨዋታ የሚያዩት በቡና ቤት ቴሌቪዥን ነው። ክለቡ በ2013 ዓ.ም. የመጀመሪያውን የፕሪሚየር ሊግ ዋንጫ ሲወስድ፤ ውድድሩ አዲስ አበባን፤ ጅማን፤ ባሕር ዳርን፤ ድሬዳዋንና ሐዋሳን እየዞረ ይደረግ ስለ ነበር፤ አብዛኛው የጎንደር ሰውም ያየው እንደ እርስዎ በቴሌቪዥን ነው።

እንግዲህ ለትምህርት ወይም ለመሥሪያ ቤት ጉዳይ ጎንደር ወጥተው፤ ከተጫዋቾቹ አንዱን ፒያሳ ላይ ዳቦ ሲገዛ ቢያገኙት ምን ይሉታል? «ያችን ፍጹም ቅጣት ምት ለምን ሳትክ?» ይሉት ይሆን? ተዉ፤ አይበሉት! እርሱ ራሱን ሲጠይቅ ሰንብቷል። እርስዎንስ አንድ የማያውቁት ሰው በገበያ መካከል አቁሞ፤ ስለ ወደቁበት ፈተና ወይም አለቃዎ ስለ መለሰብዎ ደብዳቤ ቢጠይቅዎ ደስ ይልዎታልን?

ስለዚህ ሰላምታ ሰጥተው «በርታ ወንድሜ» ይበሉትና ይለፉ። ፎቶግራፍ ካሻዎ አስቀድመው ያስፈቅዱት፤ ከእናቱ ወይም ከልጁ ጋር ከሆነ ግን ይቅርብዎ። ወቀሳ ካለዎ ለሜዳው ያቆዩለት። ቡድኑ በተሸነፈ ማግሥት ደግሞ ሰላምታውን አይንፈጉት፤ በዚያ ቀን የሚሰጠው ሰው ጥቂት ነውና።