ጎመን ሐኪምን አይተካም

ስኳርና ሥጋ በማቆም ብቻ የጡት ካንሰርን በረሃብ መግደል ይቻላል የሚለውን ሰሞነኛ ጽሑፍ አነበብኩት። ጸሐፊው ማስረጃቸውን አልነገሩንም። ማስረጃ ግን አለ፤ የሚመሰክረውም በተቃራኒው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ ይፋ የሆነ ጥናት ለጡት ካንሰር የታከሙ 3,088 ሴቶችን አካቷል። ግማሽ ያህሉ አትክልት፣ ፍራፍሬና ፋይበር አብዝተው ቅባት እንዲቀንሱ ተደረገ፤ የቀሩት የተለመደውን የአመጋገብ ምክር ብቻ አገኙ። ከሰባት ዓመት በላይ ክትትል በኋላ በሽታው ያገረሸባቸው ወይም እንደ አዲስ የያዛቸው ከመጀመሪያዎቹ 16.7፣ ከሌሎቹ 16.9 በመቶ ነበሩ። የሞቱትም ቁጥር አልተራራቀም።

ስኳሩስ? ጤነኛ ሴልም ይፈልገዋል፤ ከማዕድ ብናስቀረው ጉበት ራሱ ይሠራዋል። ዕጢው አይራብም፤ የምትራበው በኬሞቴራፒ የደከመችው ሴት ናት።

አኗኗር ዋጋ የለውም እያልኩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ የአሜሪካ ነርሶች ጥናት፣ በሳምንት ከሦስት እስከ አምስት ሰዓት የሚራመዱ የጡት ካንሰር ታማሚዎች እምብዛም ከማይንቀሳቀሱት ያነሰ የሞት አደጋ እንዳላቸው አሳይቷል። ይህ ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ቢሆንም የሚናቅ ፍንጭ አይደለም። የእግር ጉዞው ግን የሚመከረው ከሕክምናው ጋር ነው።

ሕክምናውን ትተው በአማራጭ ዘዴ ብቻ የተማመኑትስ? እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ጥናት የእንዲህ ያሉ የጡት ካንሰር ታማሚዎች የመሞት አደጋ ከታከሙት ከአምስት እጥፍ በላይ መሆኑን አሳይቷል። ጸሐፊው «ጎመን ብሉ» ቢሉ ኖሮ አልከራከራቸውም ነበር፤ ከሐኪም የሚያስቀር ተስፋ ሲያከፋፍሉ ግን ዝምታ ተባባሪነት ነው።