ውጤቱ ተነገረ፤ ውክልናው ግን የታለ?

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



መስከረም 27 ቀን 2005 በየቀበሌው የተካሄደው የመጅሊስ ምርጫ ውጤት ተነግሯል። የመንግሥት መገናኛ ብዙኃንም ምርጫው ሰላማዊና ስኬታማ እንደነበር ደጋግመው አሰምተውናል። ከጁሙዓ በኋላ በመስጂዳችን ግቢ የሚነሳው ጥያቄ ግን አላቆመም። «እንግዲህ አልቋል፤ ለምን ተቀብለን ወደ ሥራችን አንመለስም?» የሚሉ ወንድሞች አሉ። ጥያቄው ከቅንነት የመጣ ነውና በቅንነት ሊመለስ ይገባዋል።

በመድረሳ ፊቅህ ለሚቀሩ ልጆች ስለ ወካላ ሲነገር መጀመሪያ የሚማሩት ይህንን ነው፦ ወኪል የሚባለው ባለጉዳዩ የወከለው ሰው ነው። ጎረቤትህ ፍየልህን ሳትወክለው ገበያ አውጥቶ በጥሩ ዋጋ ቢሸጣት እንኳ፣ አንተ ካልፈቀድክ ሽያጩ አይጸናም። የአንዲት ፍየል ጉዳይ እንዲህ ከሆነ፣ የሐጅ ጉዞን የሚመራ፣ ስለ መስጂዶቻችንና ስለ መድረሳዎቻችን በስማችን የሚናገር ተቋም ያለ ሙስሊሙ ውክልና እንዴት ይጸናል? መጅሊስ ከሰማይ የወረደ አይደለም። አባቶቻችን ሚያዝያ 12 ቀን 1966 አዲስ አበባ ላይ በሰልፍ ወጥተው መብታቸውን ከጠየቁ በኋላ የተገኘ የሙስሊሙ አማና ነው።

«ቀበሌም መስጂድም ቤት ነው፤ ድምፅ የትም ቢሰጥ ድምፅ ነው» የሚል ክርክርም ሰምተናል። ቀበሌ ምን እንደሆነ ግን ሁላችንም እናውቃለን። መታወቂያ የሚታደሰው እዚያ ነው። የድጋፍ ደብዳቤ የሚጻፈው እዚያ ነው። የቀበሌ ቤት ኪራይ የሚከፈለው፣ ስኳርና ዘይት ሲመጣ ስም የሚመዘገበው እዚያ ነው። አንዲት ልጆች የምታሳድግ እናት በዚያው ጠረጴዛ ፊት ቆማ «ማንን ትመርጫለሽ?» ስትባል፣ በሐሳቧ የሚመጣው የዲኗ ጉዳይ ብቻ አይሆንም። በመስጂድ ግን ኢማሙም፣ ሙአዚኑም፣ ጫማ ጠባቂውም እኩል ሰጋጅ ነው። «ምርጫችን በመስጂዳችን» ያልነው ለዚህ ነው። ሕገ መንግሥቱም በአንቀጽ 11 መንግሥት በሃይማኖት ጉዳይ ጣልቃ እንዳይገባ ደንግጓል። የሃይማኖት ተቋም ምርጫ በመንግሥት ቤት ሲካሄድ ያ ድንጋጌ የት ገባ?

ከሰሓቦች ታሪክ እንማር። ዑመር ኢብኑል ኸጧብ (ረ.ዐ.) በተወጉ ጊዜ ጉዳዩን ለስድስት ሰዎች ሹራ ተዉት። ከስድስቱ አንዱ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ.) ራሳቸውን ከእጩነት አወጡና እንቅልፍ አጥተው የመዲናን ሰው ማማከር ያዙ። በመጨረሻም ሰው ለሱብሒ በነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ.) መስጂድ ተሰብስቦ ሳለ ለዑስማን (ረ.ዐ.) በይዓ ተሰጠ። ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ምክክር መጣ፣ ውጤቱ ተከተለ። የተነገረውም ሰጋጁ ባለበት ነው።

ይህ ለጋሞ ምድር ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። ዶርዜና ዶኮ ላይ ሀላቃ የሚመረጠው በዱቡሻ፣ በሕዝብ ጉባኤ ነው። ማኅበረሰቡ ያልተስማማበትን ሀላቃ ከውጭ የመጣ ሰው ቢሾምለት ደገኛው ምን ይላል? ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን «የምትጠይቁት ምንድን ነው?» ሲሉን እንዲህ ብለን እንመልስ፦ እናንተ ስለ ዱቡሻችሁ የምትሉትን እኛም ስለ መስጂዳችን እንላለን። ጥያቄያችን ከእነሱ ጋር አይደለም፤ የማንንም መብት አይነካም።

በአርባ ምንጭ ቁጥራችን ጥቂት መሆኑን የሚያነሱም አሉ። «የአዲስ አበባው አንዋር መስጂድ ይጩህ፤ እኛ ምን አቅም አለን?» ይላሉ። ጥቂት መሆን ግን ውክልናን የበለጠ ያስፈልገናል እንጂ አያስቀርብንም። ብዙ የሆነ ወገን በቁጥሩ ይሰማል፤ ጥቂት የሆነ የሚሰማው በታማኝ ወኪሉ ነው።

ስለዚህ ምን እናድርግ? በመጀመሪያ፣ በዚያ ቀን ቀበሌ የሄደውን ወንድማችንን አናኩርፍ። ፈርቶ የሄደ አለ፤ መልካም መስሎት የሄደም አለ። ሰላምታ ብንነፍገው፣ ከሶፍ ብንሸሸው የሚጎዳው ጀመዓችን ነው። ሁለተኛ፣ ሹራን ከራሳችን ቤት እንጀምር። የመስጂዳችን ኮሚቴ፣ የመድረሳችን ገንዘብ ያዥ በግልጽ ይመረጥ፤ ሒሳቡም በሰጋጁ ፊት ይነበብ። በቤታችን ያላደረግነውን ከሌላ ብንጠይቅ አፋችን ይከብዳል። ሦስተኛ፣ ጥያቄያችን እንደተጀመረ በሰላም ይቀጥል። ድንጋይ የሚያነሳ ከእኛ አይደለም።

በ2004 አወሊያ ላይ የተነሱት ሦስት ጥያቄዎች ምርጫው ሲካሄድ አልተመለሱም ነበር፦ መጅሊሳችንን ራሳችን እንምረጥ፤ አወሊያ በገለልተኛ ቦርድ ይተዳደር፤ የአሕባሽ አስተምህሮ በግዳጅ አይጫንብን። እነዚህን ጥያቄዎች እንዲያደርሱ በፊርማችን የወከልናቸው የመፍትሔ አፈላላጊ ኮሚቴ አባላት በሐምሌ 2004 ታስረው ነበር። ያኔ እኛ የወከልናቸው እስር ቤት፣ ያልወከልናቸው ወንበር ላይ ነበሩ። የመስከረም 27 ውጤት ማለት ይህ ነበር።

አላህ ጀመዓችንን ከመከፋፈል ይጠብቅልን። አሚን።

ድምፃችን ይሰማ!
አላሁ አክበር!