ልጅቷን አታጣድፏት

በአሜሪካ የፊገር ስኬቲንግ ጀማሪዎች ትምህርት የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ምን አለ መሰላችሁ? በረዶው ላይ ቁጭ ብሎ መነሳት። ከዚያ መንሸራተት፣ መቆም፣ ወደ ኋላ መሄድ፣ በጫማው ብረት ጠርዝ መታጠፍ ይከተላል። ይህን ግን ማንም ሼር አያደርገውም። ሼር የምናደርገው የ10 ዓመት ልጅ አየር ላይ ስትሽከረከር ነው።

«ትንሽ እያለች ካልዘለለች አበቃላት» ይሉናል። ትንሽና ቀላል ሰውነት ቶሎ እንደሚሽከረከር እውነት ነው። ታዲያ ይሄ ለማጣደፍ ምክንያት ይሆናል? አጥንቷም እኮ ገና እያደገ ነው!

እ.ኤ.አ. በ2022 የቤጂንግ ኦሊምፒክ የ15 ዓመቷ ካሚላ ቫሊየቫ በዶፒንግ ውዝግብ መሃል ደጋግማ ስትወድቅ አየን። በዚያው ዓመት ዓለም አቀፉ የስኬቲንግ ኅብረት የአዋቂዎች ውድድር መነሻ ዕድሜን ከ15 ወደ 17 ለማሳደግ ወሰነ። ደግ አደረገ። ሕጉ ግን በር ላይ የቆመ ዘበኛ ነው፤ ግቢው ውስጥ የ9 ዓመቷን ልጅ የሚያጣድፋትን ሰው አይነካም።

እሱን የሚያቆመው የእኛ ጭብጨባ መቅረት ነው። «ስንት ዞረች?» ከማለታችን በፊት «ዕድሜዋ ስንት ነው?» እንበል።