ለሙስሊሞች የተዘጋጀው ሊኑክስ ለእኛ ምን ያስተምረናል?

ኮምፒዩተር ሃይማኖት አለው እንዴ? «ለሙስሊሞች የተዘጋጀ ኦፐሬቲንግ ሲስተም» ሲባል የሰማ ሰው መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። መልሱ አጭር ነው፤ ማሽኑ ሃይማኖት የለውም፣ ተጠቃሚው ግን አለው። የሚሰግድበት ሰዓት፣ የሚጾምበት ወር፣ የሚያነበው መጽሐፍ አለው። ስለዚህ ትክክለኛው ጥያቄ ሲስተሙን ለራሱ ኑሮ እንዲመች አድርጎ የመለወጥ መብት ያለው ማን ነው የሚለው ነው።

እ.ኤ.አ. በ2007 «ኡቡንቱ ሙስሊም ኤዲሽን» የሚባል በነጻ የሚታደል ሲስተም ተጀመረ። በኋላ ስሙ «ሳቢሊ» ተባለ፤ በዐረብኛ «መንገዴ» ማለት ነው። ከዚያ ቀደም ብሎ በ2006 ለክርስቲያኖችም ተመሳሳይ እትም ወጥቶ ነበር። የሳቢሊ አዘጋጆች ከባዶ አልተነሱም። ኡቡንቱን ወስደው «ዘክር» የተባለውን የቁርኣን ማንበቢያ፣ የሶላት ወቅት አስታዋሽ፣ የሂጅራ ቀን መቁጠሪያና ወላጆች የማይፈልጉትን ገጽ የሚከለክል ማጣሪያ ጨመሩበት። የማንንም ደጅ መጥናት አላስፈለጋቸውም፤ ፈቃዱ ከሶፍትዌሩ ጋር አብሮ የተሰጠ ነውና።

አንዳንድ ጓደኞቻችን «እዚህ አገር ዊንዶውስም ነጻ ነው፤ ከፍላሽ ኮፒ ታደርጋለህ፣ ክራክ ታደርገዋለህ፣ አለቀ!» ይላሉ። በኪስ በኩል ካየነው ልክ ናቸው። ነገር ግን በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410 ለኮምፒዩተር ፕሮግራምም ጥበቃ ይሰጣል። ከዚህም በላይ ክራክ የተደረገ ሶፍትዌር ውስጡን ከፍተን የምናስተካክለው ነገር አይደለም። ሌላ ሰው እንደሠራው እንጠቀምበታለን እንጂ የእኛ አይሆንም።

ታዲያ እኛ ምን የምናስተካክለው አለን? ብዙ አለ። የሶላት ወቅት የሚሰላው ከቦታው አቀማመጥና ከፀሐይ ነው፤ ስሌቱ ኢንተርኔት አይፈልግም። ነገር ግን ፕሮግራሙ ዙህርን «12 ሰዓት ከምናምን» ብሎ ሲያሳይ፣ እዚህ መቀሌ ያሉ እናት «ከ6 ሰዓት በኋላ» ነው የሚሉት። አንድ ኢትዮጵያዊ ሙስሊም የሂጅራውን፣ የፈረንጁንና 13 ወር ያለውን የእኛን አቆጣጠር ጎን ለጎን ማየት ይፈልጋል። ቁርኣኑንም በ1961 ዓ.ም. በታተመው የአማርኛ ትርጉም ማንበብ የሚፈልግ አለ። ይህን ከእኛ በቀር ማን ያስብልናል?

የኢንተርኔቱን ነገር ደግሞ እኛ የትግራይ ልጆች ከማንም በላይ እናውቀዋለን። በጥቅምት 2013 ዓ.ም. መስመሩ ሲቋረጥ ለሁለት ዓመት ያህል ቆርጦን ቀረ። ፕሮግራሞቹን አብሮ የያዘና ከፍላሽ የሚጫን ሲስተም፣ ከውጭ ሰርቨር ሳይጠይቅ እንደሚሠራ ያን ጊዜ ላየ ሰው ነጻ ሶፍትዌር ቅንጦት አይመስለውም።

ሆኖም ሳቢሊ አልዘለቀም። የመጨረሻው እትም እ.ኤ.አ. በ2011 በኡቡንቱ 11.10 ላይ ተሠርቶ ወጣ፤ የዚያ ኡቡንቱ ድጋፍም በ2013 አበቃ። እዚህ ላይ የኮምፒዩተር ሳይንስ ተማሪዎች ባንሆንም እኛም የምንለው አለን። ኡቡንቱ በየ6 ወሩ አዲስ እትም ያወጣል። የራሱን ሙሉ ሲስተም ያቆመ ትንሽ የበጎ ፈቃደኞች ቡድን ሥራውን በየ6 ወሩ እንደገና መጀመር አለበት። በእኛ ቋንቋ ይህ ከባድ ቋሚ ወጪ ነው፤ ተጠቃሚው ጥቂት ሲሆን ደግሞ የሚጋራው የለም።

ስለዚህ የእኔ ሐሳብ «የሙስሊም ሊኑክስ»፣ «የክርስቲያን ሊኑክስ»፣ «የሐበሻ ሊኑክስ» እያልን እንለያይ የሚል አይደለም። ልዩነታችንን በትንንሽ ፕሮግራም መልክ ሁሉም በሚጠቀምበት በጋራው ሲስተም ውስጥ እናስገባ። የፈለገ ይጭነዋል፣ ያልፈለገ ይተወዋል። የእኛ ቀን መቁጠሪያ አንዴ ከተሠራ ረመዷንን ለሚጠብቀውም በባሕረ ሐሳብ ፋሲካን ለሚያሰላውም እኩል ያገለግላል። ይህ ነጋሽ ከተማ አጠገባችን ላለችው ለእኛ እንግዳ ሐሳብ ሊሆን አይገባም።

ጅምሩም ከባድ አይደለም። በዲፓርትመንታችን ላብ አንድ ኮምፒዩተር ላይ ኡቡንቱ ይጫን። አማርኛና ትግርኛ መጻፍ እንሞክርበት፤ ሙስሊም ጓደኞቻችን የሶላት ሰዓቱን ከመስጊዱ አዛን ጋር ያመሳክሩ፤ የጎደለውን መዝግበን በኮምፒዩቲንግ ለሚማሩት እንስጥ። መምህራኖቻችንስ ምን ይላሉ?