ከጣራ ሥር ያለ እንግዳ

ሳይጠራ የመጣ እንግዳ ቢከፋ ቶሎ ይሸኛል፤ በክብር አስገብተውት ቤት የሚያፈርስ ግን መሸኛው ያስቸግራል። እንግሊዞች ስኩዊረል የሚሉት ግራጫ የዛፍ ሽኮኮ እንዲህ ሆኖባቸዋል። ይህ ጅራቱ የጎፈረ እንስሳ ትውልዱ ሰሜን አሜሪካ ነው። በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1876 ዓ.ም. አንድ ባለጸጋ በቼሻየር ካለው ርስቱ ላይ ለቀቀው፤ ሌሎችም ባለ ርስቶች ለአትክልታቸው ጌጥ ብለው ተከተሉት። መንግሥት ማስመጣቱንና ማኖሩን በሕግ የከለከለው በ1937 ዓ.ም. ነው፤ ሕጉ 61 ዓመት ስለ ዘገየ እንስሳው አስቀድሞ ተባዝቶ ነበር።

ዛሬ ከሰው ጣራ ሥር ገብቶ ይወልዳል። የፊት ጥርሱ ማደግ ስለማያቋርጥ ያገኘውን ሁሉ ይቈረጥማል፤ የኤሌክትሪኩንም ሽቦ ልብሱን ሲገፈው ቤት እስከ ማቃጠል ያደርሳል።

በዚያ አገር የሚኖሩ ወገኖቻችን ወደ ጣራ የተጠጋውን ቅርንጫፍ ቢቈርጡ፥ ቀዳዳውንም በጠንካራ የሽቦ ወንፊት ቢደፍኑ መልካም ነው። ነገር ግን አስቀድሞ ውስጡን መመልከት ይገባል፤ ግልገሎች ሳሉ ቢደፈን እናቲቱ ጣራውን ቦጭቃ ለመግባት ትታገላለች፤ ልጆቿም በረኃብ ሞተው ሽታቸው ቤቱን ይመላዋል።

እኛም የቤት እመቤትንም ሆነ የአገር ሹምን የምንመክረው አንድ ነገር ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል።