በበሽተኛ ፊት መሳቅ ነውር ነውን?

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፤ ባልንጀራህ በጽኑ ታሞ አልጋ ላይ በዋለ ጊዜ ልትጠይቀው እንደምትሄድ አልጠራጠርም። በአገራችን በሽተኛ መጠየቅ የቆየ የጨዋ ልማድ ነው፤ ጎረቤት ጎረቤቱን፣ የዕድር አባል የዕድሩን አባል፣ የተኳረፈ ሰው እንኳ የተኳረፈውን ሰው በደዌ ጊዜ ሳይጠይቀው አይቀርም። ስለዚህ «ሂድ» ብዬ ልመክርህ ብዕር አላነሣሁም። የምጠይቅህ ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም፦ ምን ይዘህ ትሄዳለህ? ብርቱካኑንና ሙዙን፣ አጥሚቱንና ወተቱን ማለቴ አይደለም። በፊትህና በአንደበትህ ላይ ምን ይዘህ ትገባለህ ማለቴ ነው።

በአልጋው ዙሪያ የሚሰበሰቡትን ጠያቂዎች እስቲ አስተውላቸው። አንደኛው ገና ደጃፉን ሲረግጥ ከንፈሩን ይመጥጣል፤ ራሱን ይነቀንቃል፤ ጋቢውን ወደ አፉ አስጠግቶ «ወይኔ! እንዲህ ሆነህ ቀረህ?» ይላል። በሽተኛውም መስተዋት ሳያይ መልኩ እንደ ጠፋ ከዚህ ሰው ፊት ላይ ያነባል። ሁለተኛው ሬሳ ቆጣሪ ነው፤ «የአጎቴም ልጅ ሲጀምረው ልክ እንዲህ ነበር» ብሎ ወሬውን ያመጣና መጨረሻው ላይ ሲደርስ ነገሩ ትዝ ብሎት ዝም ይላል፤ ዝም ባለበት ስፍራ ግን መቃብሩ ተቆፍሮ ይታያል። ሦስተኛው መድኃኒት አዋቂ ነኝ ባይ ነው፤ ሐኪሙ ያዘዘውን አስጥሎ ሥር ሊምስለት፣ ቅጠል ሊጨምቅለት ይሻል። አራተኛው ደግሞ «እንዴት ነህ?» ካለ በኋላ ከአጠገቡ ከተቀመጠው ጠያቂ ጋር ስለ ቤት ኪራይና ስለ ጤፍ ዋጋ ሲነጋገር ይቆይና «በል እንግዲህ፣ ምሕረቱን ያምጣልህ» ብሎ ይሄዳል።

እነዚህ አራቱ ክፉ ሰዎች ናቸው አልልም። ሥራቸውን ፈትተው፣ ለመኪና ከፍለው መጥተዋል። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ነገር ይመሳሰላሉ፤ ይኸውም በሽታውን ጠይቀው፣ በአልጋው ላይ የተኛውን ሰው ግን ሳይጠይቁት መመለሳቸው ነው።

ታዲያ ከነዚህ መካከል አንድ ወዳጅ ብቅ ብሎ፣ «ያን ቀን ታስታውሰዋለህ?» በሚል ጨዋታ በሽተኛውን ያሳቀው እንደ ሆነ፣ ከንፈር መጣጮቹ ሁሉ ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞሩበታል። «ሰው በሞትና በሕይወት መካከል ተኝቶ እንዴት ይቀለዳል? ይህ ሰው ነውር አያውቅምን?» ይሉታል። እኔ የተነሣሁት ይህን ወቀሳ ልቃወም ነው።

በመጀመሪያ ደረጃ ወቀሳው ከራሳችን ልማድ ጋር አይስማማም። ሰው በሞተ ጊዜ በልቅሶው ድንኳን ውስጥ ምን እንደምናደርግ ሁላችንም እናውቃለን። የቀብሩ ዕለት ካለፈ በኋላ ወጣቶቹ ካርታ ይጫወታሉ፤ ጨዋታ አዋቂ የተባለው ሰው በመካከል ተቀምጦ ቀልድ ያመጣል፤ ኀዘንተኛውም ፈገግ ሲል «ተመስገን፣ ትንሽ ተጽናና» እንላለን። ይህን ማንም ነውር አላለውም፤ «ማስተዛዘን» የሚል ያማረ ስም ሰጥተነዋል እንጂ። እንግዲህ ሞት ከገባበት ቤት ሳቅ ከተፈቀደ፣ ሞት ገና ካልገባበት ቤት የሚከለከለው በምን ፍርድ ነው? የሞተው ሰው ዘመድ ሊጽናና ይገባዋል፣ ገና በሕይወት ያለው ሰው ግን አይገባውም ማለት ነውን?

በሁለተኛ ደረጃ አንድ የማውቀውን ነገር ልንገርህ። ከተማሪ ቤት ጀምሮ አብሮኝ ያደገ ባልንጀራ ነበረኝ። በወጣትነታችን በአንዲት የኪራይ ቤት አብረን ስንኖር፣ ሰው ፊት የሚያቀርብ ጫማ የነበረን ለሁለታችን አንድ ብቻ ነው። አንድ ቀን ለሠርግ ተጠራን። ተማክረንም፣ እሱ ጫማውን አድርጎ አስቀድሞ እንዲገባ፣ በልቶ ሲጨርስ በጓሮ በኩል ወጥቶ እንዲያወልቅልኝ፣ ከዚያም እኔ በተራዬ አድርጌው እንድገባ ተስማማን። እሱ ገባ፤ እኔ በባዶ እግሬ ከአጥሩ ኋላ ቆሜ የጥብሱን ሽታ እያሸተትሁ ጠበቅሁ። ጊዜው መሸ፤ እሱ ግን ጠጁ ጥሞት ውላችንን ረሳው። በመጨረሻ ረኀቡ ኀፍረቱን አሸነፈውና ዘው ብዬ ገባሁ። ሰው ሁሉ እግሬን ሲመለከት፣ ባልንጀራዬ ምንም ሳይደነግጥ ብድግ ብሎ፣ «ስለት አለበት፤ ስለቱ እስኪፈጸም ድረስ ጫማ አያደርግም» ብሎ አስታወቀ። የሙሽራዪቱ እናት ይህን ሲሰሙ ልባቸው ተነካ። እጄን ይዘው ከሽማግሌዎቹ አጠገብ አስቀመጡኝና፣ «ባለ ስለት ሥጋ አይቀምስም» ብለው ሽሮና ጎመን አስቀረቡልኝ። ክትፎውና ጥብሱ በፊቴ ሲያልፍ፣ ባለ ጫማው ባልንጀራዬ እየጎረሰ «በርታ ወንድሜ!» ይለኝ ነበር።

ከብዙ ዓመት በኋላ ይህ ሰው በማይድን በሽታ ተይዞ ሐኪም ቤት ተኛ። ልጠይቀው በገባሁ ጊዜ ጠያቂው ሁሉ ወለል ወለሉን እያየ ዝም ብሏል። እኔም ከአልጋው ሥር ያለውን ነጠላ ጫማውን ተመልክቼ፣ «ዛሬስ ተራው የእኔ ነው?» አልሁት። ለአፍታ ያህል ፈዞ ቆየ፤ ከዚያም ፊቱ ፈታ አለና፣ «ስለትህን ሳታደርስ?» ብሎ መለሰልኝ። ወዲያው ወሬውን ከአፌ ነጥቆ፣ እኔ የረሳሁትን ሁሉ እየጨመረ፣ ለጠያቂዎቹ ራሱ አወራላቸው። ሁለት ሳምንት ሙሉ ስለ ሽንቱና ስለ ትኩሳቱ ብቻ ሲጠየቅ የነበረው ሰው፣ ለሩብ ሰዓት ያህል እንደ ቀድሞው ጨዋታ አዋቂ ሆነ። ጠያቂዎቹ ከወጡ በኋላ ግን እጄን ይዞ፣ «ሰው ሁሉ ትድናለህ ይለኛል፤ እኔ እንደማልድን አውቃለሁ። ልትስቅብኝ ከደፈርህ ልትሰማኝም ትደፍራለህ» አለኝ። ከዚያም ከታናሽ ወንድሙ ጋር በርስት ተጣልተው ለዓመታት እንዳልተያዩና ሳይታረቅ መሞት እንደሚያስፈራው ነገረኝ። ወንድሙ ተልኮበት መጣ። እነሆ፣ ያ ሁሉ የከንፈር መጠጣ ያልከፈተውን በር አንድ የጫማ ቀልድ ከፈተው።

ተቃዋሚዬ ፈጥኖ፣ «ታዲያ ያ ሰው ዳነን?» ይለኝ ይሆናል። አልዳነም፤ ከጥቂት ሳምንት በኋላ ዐረፈ። እኔም ሳቅ በሽታ ይፈውሳል አልልም፤ እንዲህ የሚሉትንም ከሬሳ ቆጣሪው ለይቼ አላያቸውም። ኖርማን ከዝንስ የሚባለው አሜሪካዊ ጋዜጠኛ እ.ኤ.አ. በ1964 በጽኑ ታሞ ሳለ አስቂኝ ፊልም እያስመጣ ያይ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1979 ባሳተመው መጽሐፉም፣ ዐሥር ደቂቃ ከልብ መሳቅ ለሁለት ሰዓት ያህል ያለ ሕመም ያስተኛው እንደ ነበር መስክሯል። ነገር ግን ይህ የአንድ ሰው ምስክርነት ነው፤ ሰውዬውም ያለ ሐኪም አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2011 የኦክስፎርዱ ሮቢን ደንባር ከባልደረቦቹ ጋር ያሳተመው ጥናትም፣ ሰዎች አብረው ከሳቁ በኋላ ሕመምን የመቻል ኀይላቸው ከፍ እንደሚል አሳይቷል። ከዚህ የምንማረው ሳቅ ሕመምን ለጥቂት ጊዜ ሊያቀልል እንደሚችል ነው እንጂ፣ መርፌውንና ኪኒኑን እንደሚተካ አይደለም።

ደግሞስ ፈውስ የማይገኝለት ሰው ምንም አያስፈልገውም ያለው ማነው? እንግሊዛዊቱ ሲስሊ ሶንደርስ አስቀድማ ነርስ፣ በኋላም ሐኪም ሆና፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በሎንዶን ከተማ ቅዱስ ክሪስቶፈር የተባለውን የሕሙማን ማረፊያ ከፍታ ነበር። ትምህርቷም በጽኑ የታመመ ሰው የሚታመመው በሥጋው ብቻ አይደለም የሚል ነው፤ አሳቡም፣ ኑሮውና ቤተሰቡም፣ መንፈሱም አብረው ይታመማሉ። ለሥጋው ሐኪሙ አለለት። ብቻውን ለቀረው አሳቡ ግን ከወዳጅ በቀር ማን አለው?

የኢዮብ ታሪክም ለዚህ ምስክር ይሆናል። ሦስቱ ወዳጆቹ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት ዝም ብለው ከአጠገቡ በተቀመጡ ጊዜ ወዳጅነታቸው እንከን አልነበረበትም። የበደሉት አፋቸውን ከፍተው መከራውን ሊያስረዱት በተነሡ ጊዜ ነው። እንግዲህ ለበሽተኛ ጥሩ ነገር መናገር ካልቻልህ ዝም ብለህ ተቀመጥ፤ ዝምታም መልካም ስጦታ ነው። የሚጎዳው ኀዘንን አስመስሎ የሚነገር ክፉ ንግግር ነው።

ቢሆንም ወጣት አንባቢዬ፣ ይህን አንብበህ ነገ በየሐኪም ቤቱ ቀልደኛ ሆነህ እንዳትዞር እለምንሃለሁ። ሳቅም ሥርዓት አለው። አስቀድመህ ፊቱን እይ፤ ሕመሙ ጠንቶበት ከሆነ እጁን ይዘህ ዝም በል። ሆዱን በቅርብ ተቀዶ ከሆነ ሲስቅ ስፌቱ እንደሚያመው አትርሳ። ሁለታችሁ አብራችሁ ያያችሁትን ትዝታ ምረጥ እንጂ ከመንገድ የለቀምኸውን ቀልድ አታምጣ፤ የመንገዱ ቀልድ የማንም ነው፣ ትዝታው ግን የእሱ ነው። በታሪኩ ውስጥ ተላላው አንተ፣ ብልሁ እሱ ቢሆን ይበልጥ ያምራል። በበሽታው ላይ ራሱ ካልቀለደ አንተ አትቅደመው። ሲደክመው ተነሥ። ከሁሉም በላይ ከሳቁ በኋላ ቢያለቅስ አትደንግጥ፤ «አይዞህ፣ አታልቅስ» ብለህም አፉን አትዝጋበት። ያን ጊዜ ጠያቂነትህ በእውነት ተጀመረ።

«ጊዜው አይደለም፤ ሲሻለው እናጫውተዋለን» ለሚሉት አንድ የመጨረሻ ቃል አለኝ። ከቀብር መልስ ሰዎች ስለ ሟቹ ሲያወሩ ሰምተህ ታውቃለህ። አንዱ የልጅነቱን ተንኮል ያነሣል፤ ሌላው የሥራ ቤቱን ቀልድ ይጨምራል፤ ድንኳኑ በእንባና በሳቅ ይሞላል፤ «አቤት፣ እንዴት ያለ ሰው ነበር!» ይባላል። ያን ሁሉ ያማረ ወሬ ሁሉም ሰምቶታል፤ ሳይሰማው የቀረ ባለቤቱ ብቻ ነው። እንግዲህ ለድንኳኑ ያስቀመጥኸው ትዝታ ካለህ፣ ዛሬ ጆሮ ሳለው ወስደህ ለባለቤቱ ስጠው።