የአጎቴ ማካሮቭ

አጎቴ የሩዙን ብር ይዘው ያገለገለ ማካሮቭ ገዙ። ከዚያማ ማስዋብ ሆነ ሥራቸው! የፕላስቲክ እጀታውን በቀንድ አስለወጡ፤ የወገብ መያዣ ከቆዳ አሰፉ። መጠበቂያው ግን እንደላላ ነው።

ማካሮቭን የሶቪየት ጦር በ1951 እ.ኤ.አ. ተቀብሎታል፤ ካዝናው 8 ጥይት ይይዛል። መጠበቂያው ወደ ላይ ሲገፋ መዶሻውን አውርዶ ይቆልፋል። እሱ ከላላ ቀንዱ ምን ሊረባ?

«ጋሼ፣ መጀመሪያ ይሄ ይታይልዎ፤ ፈቃድ ባለው ሰው» አልኳቸው። አዋጅ ቁጥር 1177/2012 እኮ ጥገናንም ከፈቃድ ጋር አያይዞታል።

«ኮሌጅ ገብተህ ፈራህ ማለት ነው?» አሉኝ።

አዎ፣ ፈርቻለሁ። በጥር ወረታ ሠርግ አለብን፤ እሳቸው እስክስታ ሲወርዱ ሽጉጡ ወገባቸው ላይ ነው፤ ሕፃናቱ ደግሞ እግራቸው ሥር።